እናቴን እንደገና ራሷን ላስቻላት ባለሙያ ምስጋና

ቤታችንን ለእናቴ እንዲመች አድርጎ ያስተካከለልን ባለሙያ ስሜ በአደባባይ እንዲወጣ አልፈልግም ስላለ ስሙን አልጠራም። ግን ዝም ብዬ ባልፈው ደስ አይለኝም።

እናቴ ስትሮክ ካገኛት ወዲህ ግራ ጎኗ ደክሟል። ቤት ውስጥ በዎከር (በእጅ ተይዞ በሚራመዱበት ባለ አራት እግር መደገፊያ)፣ ራቅ ሲል በዊልቸር ነው የምትንቀሳቀሰው። መታጠቢያ ቤት ለመግባት እንኳ ሰው መጥራት ነበረባት። እሷ ደግሞ ሰው ማስቸገር ሞቷ ነው።

መጀመሪያ የጠራነው ሠራተኛ የመጸዳጃውን መደገፊያ ብረት በግራ ግድግዳ ላይ ገጠመልን። በቀኝ በኩል ቧንቧ አለ፣ ሥራው ይከብዳል ብሎ ነው። የእናቴ ግራ እጅ ግን አይጨብጥም። ብረቱ ፎጣ መስቀያ ሆኖ ቀረ።

ይኼኛው ሜትሩን ከማውጣቱ በፊት እሷን ማየት ፈለገ። የመጸዳጃውን ክዳን ዘግቶ አስቀመጣትና «እማማ፣ እኔ የለሁም ብለው እንደወትሮዎ ይነሱ» አላት። ስትነሳ ቀኝ እጇ ሳታስበው የእጅ መታጠቢያውን ጠርዝ ያዘ። «እሱ እኮ ክብደት አይችልም፣ አንድ ቀን ተነቅሎ ይዞዎት ይወድቃል» አለና አጠገቡ ግድግዳው ላይ በእርሳስ ምልክት አደረገ። ደግማ ተነሳች። እጇ እዚያው ሄደ። መደገፊያ ብረት ብዙ ጊዜ ከወለል ከ84 እስከ 91 ሴንቲ ሜትር ላይ ይገጠማል። እናቴ አጭር ስለሆነች ለእሷ ትንሽ ዝቅ አደረገላት።

ግድግዳችን ብሎኬት ነው፣ ውስጡ ባዶ። ተራ ፊሸር፣ ማለትም ብሎን የሚይዘው የፕላስቲክ መሰኪያ፣ እንዲህ ያለ ቦታ ላይ ሰው ሲንጠለጠልበት ተፈልቅቆ ይወጣል አለን። ስለዚህ ግድግዳውን ወዲያ ማዶ በስቶ፣ ከጀርባ ላሜራ ደግፎ በቡሎን አሰረው። ሲጨርስ ራሱ ሙሉ ክብደቱን ጥሎ ተንጠለጠለበት። ከዚያ በኋላ ነው «አሁን እርስዎ ይሞክሩት» ያለው። አየሩ ሲወጣለት ግድግዳ ላይ የሚለጠፈውን የፕላስቲክ መያዣ ገዝቼ ነበር። አይቶ ሳቀና መልሶ ሰጠኝ። ሳይታሰብ ስለሚላቀቅ ሰው ሊደገፍበት አይገባም።

ደጃፋችን ላይ 15 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ደረጃ አለ። እኛ ያሰብነው አጭር ሳንቃ ጣል ማድረግ ነበር። እሱ ለእያንዳንዱ 1 ሴንቲ ሜትር ከፍታ 12 ሴንቲ ሜትር ርዝመት ያስፈልጋል ብሎ 1 ሜትር ከ80 የሚሆን ራምፕ፣ ማለትም ተዳፋት መወጣጫ፣ ሠራ። ግቢው ጠበበ ብለን አጉረመረምን። ግን ዊልቸር በቁልቁለት ይዞ የሚያውቅ ሰው ለምን እንደሆነ ይገባዋል። ጎማው እንዳያመልጥ ግራና ቀኙን ጠርዝ አበጀለት፤ በሩ ጋ ደግሞ ቆማ የምትከፍትበት ሜዳ ቦታ ተወላት።

ውስጥ ያሉት ደረጃዎች ላይ የእጅ መያዣ ብረቱን በሁለቱም በኩል አደረገው። አንድ ጎን አይበቃም ወይ አልነው። «ሲወጡ ቀኝ የነበረው ሲወርዱ ግራ ይሆንባቸዋል» አለ። እውነቱን ነው፣ ማናችንም አላሰብነውም።

የመታጠቢያ ቤቱን በር ወደ ውጭ እንዲከፈት አዞረው። ሰው በሩ ሥር ከወደቀ ወደ ውስጥ የሚከፈት በር በሰውነቱ ይታገድና ገብቶ ማንሳት አይቻልም። ጠባብ ነው ብለን ግድግዳው እንዲፈርስ ስንጠይቀው ደግሞ እምቢ አለ። ሲከፈት በሩን ከመተላለፊያው ጨርሶ የሚያወጣ ማጠፊያ ቀየረ፤ የበሩን ውፍረት ያህል፣ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ አተረፈልን። ዎከሩ ገባ፣ በቃ። ትልቅ ሥራ አግኝቶ ትንሹን የመረጠ ባለሙያ ብዙ አላጋጠመኝም።

ኮሪደሩ ላይ የነበረውን ምንጣፍም አስነሳ። እናቴ ተቆጣች፣ እስካሁንም ትጠይቃለች።

ጉድለት የለበትም አልልም። ቀጠሮ ላይ ያረፍዳል፣ የቀባው ቀለምም ከግድግዳው ጋር አይመሳሰልም። ቀለም ቀቢ ከፈለጋችሁ ሌላ ፈልጉ።

ስልኩን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ፈቅዶልኛል። ስትደውሉለት የትኛው እጅና እግር እንደሚደክም፣ ዎከር ይሁን ዊልቸር፣ ግድግዳችሁ ምን እንደሆነ ንገሩት። የሚመጣ ቀንም ቤቱን የሚጠቀመው ሰው ራሱ እቤት ይኑር። ያ ሰው በሌለበት ባለሙያው ሥራ አይጀምርም።