የተማሪ ላይሰንስና የሚከፈልበት ሥራ፦ ለአዳማ ዲዛይነሮች የሶፍትዌር ግምገማ

የፕላን መሥሪያውን አውቶካድን በተማሪ ላይሰንስ (የመጠቀም ፈቃድ) ከፍቶ የሰው ቤት ፕላን በክፍያ መሥራት ክልክል ነው። የአዶቤን የግራፊክስ ፕሮግራም ኢለስትሬተርን በተማሪ ዋጋ ገዝቶ የሱቅ ታፔላ መሥራት ግን ይፈቀዳል። ሁለቱም «የተማሪ» ይባላሉ፤ ውላቸው ግን ለየቅል ነው። አዳማ ውስጥ ትምህርት ሳይጨርሱ ፕላን፣ ፍሌክስና የሠርግ ቪዲዮ እየተቀበሉ የሚሠሩ ልጆች አሉ። ስለዚህ ፕሮግራሞቹን የመዘንናቸው በሁለት ነገር ብቻ ነው፦ ገንዘብ ሲገባ ውሉ ምን ይላል? ፋይሉስ ምን ይሆናል?

የአውቶካድ አምራች አውቶዴስክ ለተማሪ አውቶካድን፣ የሕንፃ ሞዴል መሥሪያውን ሬቪትንና የአኒሜሽን መሥሪያውን ማያን በነጻ የሚሰጠው ለአንድ ዓመት ነው፤ ተማሪነቱ እስካለ በየዓመቱ ይታደሳል። ለመማሪያ ከዚህ የተሻለ ስጦታ አናውቅም። ለትርፍ ወይም ለሙያ ሥራ ግን አይሆንም፤ ውሉ በግልጽ ይከለክላል። ምዝገባው ላይ ሊያደናቅፍ የሚችለው የእኛው ዘመን አቆጣጠር ነው፦ መታወቂያው ላይ የሰፈረውን 2018 የውጭ አገር አረጋጋጭ ጊዜው ያለፈበት አድርጎ ሊያነበው ይችላል። ከሬጅስትራር ሙሉ ስም፣ የተቋሙን ስምና በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈ ቀን የያዘ ደብዳቤ አውጥቶ መላክ ይሻላል። በደብዳቤው ላይ ያለው የስም አጻጻፍ በአካውንቱ ላይ ካለው ጋር ፊደል በፊደል አንድ ይሁን።

በቆዩት የአውቶካድ የተማሪ ቅጂዎች የተሠራ ፋይል ሲታተም፣ በተማሪ ቅጂ መሠራቱን የሚናገር ጽሑፍ በወረቀቱ አራቱም ጠርዝ ይወጣል። የሚያሳስበው ደግሞ መዛመቱ ነው። ከእንዲህ ያለ ፋይል አንድ የበር ብሎክ (ተሥሎ የተቀመጠ፣ በየፕላኑ የሚገባ ሥዕል) ቀድቶ ንጹሕ ፋይል ውስጥ ማስገባት ንጹሑንም ይበክለዋል። ብሎክ በፍላሽ ከእጅ ወደ እጅ ስለሚዞር ምልክቱ ከየት እንደመጣ ማግኘት ያደክማል፤ የአንድ ተማሪ ፋይል የአሠሪውን ቢሮ ሥዕሎች በሙሉ ሊያበላሽ ይችላል። ፋይሉን ዲኤክስኤፍ ወደሚባለው የፋይል ዓይነት ለውጦ መመለስ ምልክቱን ያጠፋል እየተባለ ይመከራል። ምልክቱ ቢጠፋም ውሉ አይቀየርም፤ ሥራው ያው በተማሪ ላይሰንስ የተሠራ ነው።

የሕንፃ ንድፍ መሥሪያው አርኪካድም በትምህርት ቅጂው ጥብቅ ነው። ህትመቱ ላይ ዋተርማርክ (የትምህርት ቅጂ መሆኑን የሚያሳይ ምልክት) ያስቀምጣል፤ ሙሉ ላይሰንስ ያለው ቢሮ ያንን ፋይል ሲከፍት ደግሞ የቢሮው ፕሮግራም ራሱ ወደ ትምህርት ሁኔታ ይገባል። የ3ዲ ፕሮግራሙ ሁዲኒ ነጻ የመማሪያ ቅጂ አፕረንቲስም የሚያወጣውን ምስል (ሬንደር) መጠን በ1280 በ720 ፒክስል ገድቦ ዋተርማርክ ያክልበታል። ለደንበኛ የሚሰጥ ነገር በእነዚህ አይጀመር።

የ3ዲ ሞዴል መሥሪያው ራይኖ ተቃራኒው ነው። የተማሪ ላይሰንሱ አንዴ ተገዝቶ የሚቀር ነው፤ ከምረቃ በኋላም ይሠራል፣ ለንግድ ሥራም ይፈቀዳል፣ የአውቶካድን ዲደብሊውጂ ፋይልም ያነባል፣ ያስቀምጣል። በክፍያ ለሚሠራ የአርክቴክቸር ተማሪ ከተማሪ ላይሰንሶች ሁሉ የምናስቀድመው ይህን ነው።

አዶቤ ኢለስትሬተርን የያዘውን፣ በተማሪ ዋጋ የተገዛን ክሪኤቲቭ ክላውድ ለንግድ ሥራ መጠቀም ይፈቅዳል። ችግሩ ያለው ክፍያው ላይ ነው። በዶላር ስለሚከፈል ውጭ የሚሠራ ካርድ ይጠይቃል፤ የቅናሹ ዋጋም ከመጀመሪያው ዓመት በኋላ ከፍ ይላል። በየወሩ የሚከፈለው የዓመት ውል ከ14 ቀን በኋላ ከተቋረጠ የቀሪዎቹን ወራት ክፍያ ግማሽ ያስከፍላል። ሁለት ባነር ለመሥራት ብላችሁ ይህን ውል አትግቡ። ዩኒቨርሲቲ በራሱ ስም ገዝቶ ለተማሪ የሚያድለው ሲሆን ደግሞ የሚጸናው የተቋሙ ውል ነው፤ የአይሲቲ ክፍሉን መጠየቅ ግድ ነው።

ክራክ (ላይሰንሱ ተሰብሮ ያለ ክፍያ የሚሠራ ቅጂ) አማራጭ አይደለም። አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን በቅጂ መብት ይጠብቃል፤ ከፍላሽ ወደ ፍላሽ የሚዞር ክራክም ቫይረስ ይዞ ሊመጣ ይችላል።

ለባነርና ለቢዝነስ ካርድ ሥራ አሁን ያለ ሐሳብ የሚወሰደው የግራፊክስ ፕሮግራሙ አፊኒቲ ነው። እ.ኤ.አ. ከኦክቶበር 2025 ጀምሮ ለንግድ ሥራም ጭምር ነጻ ሆኗል፤ የካንቫ አካውንት ብቻ ይፈልጋል። በሲኤምዋይኬ (ማተሚያ በሚጠቀምበት የቀለም አሠራር) መሥራቱ ትልቅ ጥቅም ነው። ኢንክስኬፕም ነጻ ነው፣ ግን መሠረቱ አርጂቢ (የስክሪን የቀለም አሠራር) ስለሆነ ስክሪን ላይ የሚያበራው አረንጓዴና ሰማያዊ ፍሌክስ ላይ ይደበዝዛል። መጠኑን አስቀድሞ ማስላት ይጠቅማል፦ 3 ሜትር በ1 ሜትር ባነር በ100 ዲፒአይ (በአንድ ኢንች ያለ የነጥብ ብዛት) 11811 በ3937 ፒክስል ይሆናል፤ ለባነር ይህ ይበቃል። 9 በ5 ሴንቲ ሜትር ቢዝነስ ካርድ ግን 300 ዲፒአይ ይፈልጋል፤ በየጎኑም ለቆረጣ 3 ሚሊ ሜትር ይጨመርለት።

ፎንትም የራሱ ላይሰንስ አለው፤ ይህ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል። ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክና አቢሲኒካ ኤስአይኤል በነጻ የፎንት ላይሰንስ የወጡ ስለሆኑ ለሚከፈልበት ሥራ ይሆናሉ። ዩኒኮድ (የፊደላት ዓለም አቀፍ ኮድ) ባልሆነ የድሮ የግዕዝ ፎንት የተጻፈ ጽሑፍ ግን ማተሚያ ቤቱ ኮምፒውተር ላይ ፎንቱ ከሌለ ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል ሆኖ ይከፈታል። ከመላኩ በፊት ጽሑፉን ሁሉ ወደ ከርቭ (ፎንት ወደማይፈልግ የመስመር ቅርጽ) መለወጥ፣ የሚታረመውን ኦሪጅናል ደግሞ ለብቻ ማስቀመጥ ያስፈልጋል።

ለሠርግ ቪዲዮ የቪዲዮ ማቀናበሪያው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ነጻ ቅጂ ተማሪ መሆንንም አይጠይቅም፤ በ3840 በ2160፣ በሰከንድ እስከ 60 ፍሬም ያወጣል። ካሜራው በ10 ቢት ኤች 265 (የቪዲዮ መጭመቂያ ዓይነት) የሚቀርጽ ከሆነ ነጻው ቅጂ ፋይሉን ላይከፍት ይችላልና፣ ሥራ ከመቀበላችሁ በፊት ከዚያው ካሜራ የአንድ ደቂቃ ቀረጻ አስገብታችሁ ሞክሩ።