ሪኮ ጂአር 3፦ ደሴና ኮምቦልቻ በጃኬት ኪስ

ለሰርግና ለምርቃት ሥራ የምይዘው ካሜራ ካኖን 6ዲ ነው። 24-70 ኤፍ 2.8 ሌንስ ይገጠምለታል። ካሜራው ከነባትሪው 770 ግራም፣ ሌንሱ ብቻውን 805 ግራም ይመዝናል። ሲደመር ከኪሎ ተኩል ያልፋል። ሥራ ላይ እንከን አይወጣለትም። ዳቦ ልገዛ ስወጣ ግን አልይዘውም። ዘመድ ልጠይቅ ኮምቦልቻ ስወርድም ቤት ይቀራል። ደሴን ለሚያውቅ ሰው ይህ ያስቆጫል። ጦሳ ተራራ ላይ ጉሙ ሲወርድ፣ ከዝናብ በኋላ ፒያሳ አስፋልቱ ሲያበራ ቀጠሮ የሚሰጥ የለም።

ካሜራን በሄዱበት ሁሉ መያዝ ያዋጣል ወይ የሚለው ጥያቄ እኛን ፎቶ አንሺዎችን ለብዙ ጊዜ ሲያከራክረን ኖሯል። እኔ መልሱን ያገኘሁት ባለፈው ዓመት መስከረም ላይ ሪኮ ጂአር 3 ከገዛሁ በኋላ ነው። ሁለተኛ እጅ ነው፤ የአክስቴ ልጅ ከዱባይ ይዞልኝ መጣ። ይኸው በጋውንም ክረምቱንም አብረን አየነው።

ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ልንገራችሁ። ካሜራው የወጣው በ2019 ነው። ከነባትሪውና ከነሚሞሪው 257 ግራም ብቻ ይመዝናል። ርዝመቱ 11 ሴንቲ ሜትር አይሞላም። ውስጡ ያለው ሴንሰር፣ ማለትም ብርሃኑን ወደ ፎቶ የሚለውጠው ክፍል፣ ግን ሌንስ በሚቀየርባቸው ብዙ ካሜራዎች ውስጥ የምናገኘው ኤፒኤስ-ሲ የሚባለው መጠን ነው፤ 24 ሜጋፒክሰል። ሌንሱ አንድ ነው፣ አይቀየርም፣ ዙምም የለውም። እይታው የ28 ሚሊ ሜትር ነው። ፍላሽ የለውም። ዓይን ተጠግቶ የሚያይበት መስኮትም የለውም፤ ሁሉም ነገር በስክሪኑ ነው።

አሁን ወደ ኪሱ ጉዳይ ልምጣ። ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ጃኬት ሳይደርብ የሚወጣ ሰው የለም። ካሜራው የጃኬት ኪስ ውስጥ ይገባና ይረሳል። ኮምቦልቻ ግን ከ600 ሜትር በላይ ዝቅ ትላለች። ከደሴ የሚያወርደውን የሀረጎን ቁልቁለት ጨርሳችሁ ስትወርዱ ሙቀቱ ይቀበላችኋል፤ ጃኬቱ ይወልቃል። ያኔ ካሜራው የት ይሁን? የሱሪ ኪስ ይበቃዋል፤ ነገር ግን የሱሪ ኪስ ውስጥ የጨርቅ ብናኝና አቧራ አይጠፋም። ካሜራው ደግሞ አቧራና ውሃ እንዲከላከል ተደርጎ የተሠራ አይደለም። ሌንሱ ሲከፈት ይወጣል፣ ሲዘጋ ይገባል፤ በዚያ መሀል አቧራ ሊገባ ይችላል። ሴንሰሩ ላይ አንዴ ካረፈ ሌንሱን አውልቆ በንፋስ ማባረር አይቻልም። ስለዚህ ልብስ ሰፊ ዘንድ ሄጄ ከወፍራም ጨርቅ አፉ የሚዘጋ ትንሽ ከረጢት አሰፋሁ። ካሜራው ከረጢቱ ውስጥ ሳይገባ ኪሴ ውስጥ አይገባም። የኔው እስካሁን ንጹሕ ነው።

የወደድኩትን ነገር ከነአሠራሩ ልንገራችሁ። ስናፕ ፎከስ ይባላል። ካሜራው ፎከስ ልፈልግ ብሎ ጊዜ አያባክንም። ርቀቱን አስቀድማችሁ ትነግሩታላችሁ። እኔ 2.5 ሜትር ላይ አድርጌዋለሁ። የሌንሱ ቀዳዳ ጠበብ ብሎ ኤፍ 8 ላይ ከሆነ ከ1.2 ሜትር ገደማ ጀምሮ እስከ ሩቅ ተራራው ድረስ ያለው ሁሉ ጥርት ብሎ ይወጣል። ከኪስ አወጣዋለሁ፣ ቁልፉን እጫናለሁ፣ አለቀ። ለመነሳት አንድ ሰከንድ አይፈጅበትም። ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሸዋ በር ላይ ከበግ ነጂ ጋር ዓይን ለዓይን ስንገጣጠም፣ ትልቁን ካሜራ ከቦርሳ እስካወጣ ድረስ ሰውዬው ተራራውን ዞሮ ሄዷል። በዚህኛው ደርሼበታለሁ።

28 ሚሊ ሜትር ሰፊ እይታ ነው። ሰው ማንሳት ከፈለጋችሁ መቅረብ ግድ ነው። ከመንገዱ ማዶ ሆኖ ሰርቆ ማንሳት አይቻልም። ይህን አንዳንዱ ጉድለት ይለዋል፤ ለኔ ግን የካሜራው ትልቁ ጥቅም ነው። መቅረብ ማለት ሰላም ማለት ነው፣ ማስፈቀድ ነው። ሰኞ ገበያ ላይ በርበሬ ለሚሸጡ እናት "እማማ፣ ላንሳዎት?" አልኳቸው። ካሜራዋን አዩና "ይችን ነው እንዴ ካሜራ የምትላት?" ብለው ሳቁ። ነጠላቸውን አስተካከሉ። እጃቸው እስከ ክርናቸው በበርበሬ ቀልቷል። የጥፍራቸው ዙሪያ ደግሞ ከሌላው ይበልጥ ጠቁሯል። ይህ ሁሉ ፎቶው ላይ አለ፤ የጣታቸው መስመር ይቆጠራል። ፎቶ ቤት አሳጥቤ ወሰድኩላቸው። "ለልጄ እልክላታለሁ" አሉ፤ ልጃቸው ጅዳ ናት። ትልቁን ካሜራ ይዤ ብቀርብ ኖሮ በመጀመሪያ የሚጠየቀው "የየትኛው ቴሌቪዥን ነህ?" ነበር። ከዚያ በኋላ ፊት ይለወጣል፣ ጀርባ ይቀናል፣ ሳቁ ይጠፋል።

የሰርጉም ነገር እንደዚሁ ነው። ዘመድ ሰርግ ላይ ትልቅ ካሜራ አንገታችሁ ላይ ካለ እንግድነታችሁ እዚያው አበቃ። "እስቲ እኛንም" ይባላል። "ከአጎቴ ጋር አንዴ" ይባላል። ሰዉ በልቶ ጨርሶ ሲጨፍር እናንተ ገና ግድግዳ ታክካችሁ ቆማችኋል። በማግስቱ ደግሞ "ፎቶውን መቼ ነው የምትሰጠን?" ይመጣል። ሥራ ከሆነ ደስ እያለኝ እሠራዋለሁ፤ የተከፈለኝም ለዚያ ነው። የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ ግን ተቀምጬ መብላት፣ ተነስቶ መጨፈር እፈልጋለሁ። ጂአሯን ይዤ ሁለቱንም አገኘሁ። ማንም እንደ ካሜራማን አላየኝም። እንግዶች ያላዩት፣ ሙሽሪት እናቷን አቅፋ ያለቀሰችበት ፎቶ የተገኘው ከዚህች ካሜራ ነው።

"ስልክህስ?" የሚለኝ ብዙ ነው። የዛሬ ስልክ በብርሃን ጥሩ ያነሳል፤ ይህን አልክድም። ግን ስልክ ሳወጣ ቴሌግራም ይጠብቀኛል። የማነሳውን ትቼ መልእክት ስመልስ ነገሩ ያልፋል። ካሜራው ከማንሳት በስተቀር ሌላ ሥራ የለውም። ፋይሉም ይለያል። በሮው፣ ማለትም ካሜራው ባልነካካው ጥሬ ፋይል፣ ካነሳችሁ ጥላ ውስጥ የጨለመውን ፊት መልሶ ማውጣት ይቻላል። እናቴ ቡና ስትቆላ በማክሮ እስከ 6 ሴንቲ ሜትር ድረስ ተጠግቼ አንስቻለሁ። ፍሬው ሲሰነጠቅ፣ ዘይቱ ሲያወዛው፣ ገለፈቱ ጫፉ ላይ ተጣብቆ ሲቀር ይታያል። ይህን ፎቶ በትልቁ አሳትሜ ሳሎን ሰቅዬዋለሁ።

ባትሪው ትንሽ ነው። በመደበኛው ሙከራ የሚሰጠው 200 ፎቶ ገደማ ነው። ሁለተኛ ባትሪ የግድ ነው፤ ካሜራውን ስትገዙ አብራችሁ አስቡት። ደግነቱ በታይፕ ሲ ገመድ ከፓወር ባንክ ይሞላል። መብራት ሲጠፋ ይህ ትልቅ ነገር ነው።

ሀረጎ ላይ ጉም ስታነሱ አንድ ነገር አስታውሱ። ካሜራው ነጭ ነገር ሲበዛበት ፎቶውን ግራጫ ያደርገዋል። የብርሃን ማስተካከያውን ወደ ፕላስ 0.7 ወይም ፕላስ 1 አድርጉት፤ ጉሙ ጉም ይመስላል። ዝናብ ከጀመረ ግን ወደ ኪስ መመለስ ነው። ወደ ሐይቅ ስሄድም ጀልባ ላይ በጥንቃቄ ነው የምይዘው። ኬላ ላይና ወታደር ባለበት ቦታ ደግሞ ትንሽም ትሁን ትልቅ ካሜራ ጭራሽ አይወጣም። ይዞ መዞር ማለት የትም ማንሳት ማለት አይደለም። ለቅሶ ቤት ስሄድ ቤት ትቼው ነው የምሄደው። ዱአ ላይ ሸኾቹ ፈቅደው ካልሆነ ከኪስ አላወጣም።

የምበሳጭበት አለ። ሩቅ ነገር ማንሳት ከፈለጋችሁ ይህ ካሜራ አይሆናችሁም። እይታውን ወደ 35 ወይም 50 ሚሊ ሜትር የሚያጠብ ቁልፍ አለ። ነገር ግን የሚያደርገው ፎቶውን መቁረጥ ነው፤ 24 ሜጋፒክሰሉ ወደ 15፣ ከዚያም ወደ 7 ይወርዳል። በጠራራ ፀሐይ ስክሪኑ ለማየት ይከብዳል። ኮምቦልቻ እኩለ ቀን ላይ በግምት የማነሳበት ጊዜ አለ። ለእንቅስቃሴ ቪዲዮም አልመክረውም።

እንዲህም ሆኖ መልሴ ቁርጥ ያለ ነው፤ ካሜራ በየቀኑ መያዝ ያዋጣል፣ ካሜራው ኪስ የሚገባ ከሆነ። በትከሻ የሚያዝ ከሆነ ሁለት ሳምንት ትይዙትና ትተዉታላችሁ፤ ብዙ ጓደኞቼ ሲተዉ አይቻለሁ። ደግሞም ጊዜው ይጠይቃል። የደሴ ሙዚየም በ2014ቱ ጦርነት ተዘርፏል። የኮሪደር ልማቱም የከተማውን መልክ እየቀየረው ነው። በየቀኑ የማልፍበት የቆርቆሮ ሱቅ ነገ ይኑር አይኑር አላውቅም። "ሌላ ቀን አነሳዋለሁ" ማለት እየከበደኝ መጥቷል። አይጠየፍን፣ የንጉሥ ሚካኤልን የግብር አዳራሽ፣ በጠዋትም በማታም ብርሃን አንስቼዋለሁ፤ በመንገዴ ላይ ስለሆነና ካሜራው ኪሴ ስለነበረ ብቻ።

ለመግዛት ላሰባችሁ፦ ሲወጣ ዋጋው 900 ዶላር ገደማ ነበር፤ ብሩ ከተንሳፈፈ ወዲህ በብር ሲመነዘር ቀላል አይደለም። ሁለተኛ እጅ ስትገዙ አብሩትና ዝጉት፤ ሌንሱ ሳይንገጫገጭ ይግባ ይውጣ። ከዚያ ኤፍ 16 ላይ አድርጋችሁ ነጭ ግድግዳ ወይም ጥርት ያለ ሰማይ አንሱ። ፎቶውን አሳድጋችሁ ጥግ ጥጉን እዩ። ጥቁር ነጠብጣብ ካለ ሴንሰሩ ላይ አቧራ ገብቷል፤ ተዉት። በጣም መቅረብ ለማይሆንላችሁ፣ በተለይ ፊት ማንሳት ለምትወዱ፣ በ2021 የወጣው ጂአር 3ኤክስ አለ። እይታው 40 ሚሊ ሜትር ነው፤ ክብደቱም ከዚህኛው ብዙ አይለይም።