ሜሪላንድ ውስጥ ቤት ለምትለቁ ሁሉ፣ እኚህን እናት ልጠቁማችሁ

የዲፖዚታችን (ቤቱን ስንከራይ ያስያዝነው ገንዘብ) ቼክ በፖስታ መጣልን። ሙሉው ነው፣ ከነወለዱ። ስከፍተው እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ይህን የምጽፈው የሚለቀቅ ቤት የሚያጸዱ አንዲት እናትን ለማመስገን ነው። ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ታኮማ ፓርክና ዊተን አካባቢ ቤት ለምትለቁ ደግሞ ለጥቆማ ይሁናችሁ።

መጀመሪያ ግን ሆዴ ውስጥ የቆየውን ልናገር። ከዚህ በፊት የነበርንበትን አፓርትመንት ኪራይ አንድ ወር እንኳ አሳልፈን አናውቅም። ስንለቅ እኔና ባለቤቴ ስናጸዳ አደርን። ቁልፍ ስናስረክብ ቢሮ ያለችው ልጅ ፈገግ ብላ "ሁሉም ጥሩ ነው" አለችን። በኋላ የመጣው ደብዳቤ ግን ሌላ ነው። ቀለም፣ ካርፔት፣ ጽዳት፣ መጋረጃ እያለ ዘርዝሮ ዲፖዚቱን ሙልጭ አድርጎ በላው። ስንገባ የነበረ እድፍ ሳይቀር በእኛ ተቆጠረ። ስደውል "ቤቱን ያየው ሰው ዛሬ የለም" ይሉኛል። ሌላ ቀንም የለም። ማን እንዳየው፣ መቼ እንዳየው እስከ ዛሬ አላውቅም። ያ ገንዘብ ባለቤቴ ሌሊት ሌሊት እየሠራ ያመጣው ነበር። አሁን በለቀቅነው ቤት ደግሞ መጀመሪያ ያናገርኩት የጽዳት ሰው ቀብድ ተቀብሎ ስልኩን አጠፋ። ተስፋ ቆርጬ ነበር።

እኚህን እናት ያገኘኋቸው በቤተ ክርስቲያን እህቶች በኩል ነው። ሥራቸው የሚለቀቅ ቤት ማጽዳት ነው። ስደውልላቸው ስለ ዋጋ አልጀመሩም። የመጀመሪያ ጥያቄያቸው "ልጄ፣ ደብዳቤውን ልከሻል?" የሚል ነበር።

የምን ደብዳቤ? ቁጭ አድርገው አስረዱኝ። በሜሪላንድ ሕግ ቤቱ ሲፈተሽ ተከራዩ አብሮ የመገኘት መብት አለው። ለዚህ ግን ከመውጣቱ ቢያንስ 15 ቀን በፊት፣ የሚወጣበትን ቀንና አዲሱን አድራሻ ጽፎ ለአከራዩ በሰርቲፋይድ ሜይል (ፖስታ ቤቱ የተላከበትን ደረሰኝ በሚሰጥበት ፖስታ) መላክ አለበት። አከራዩም የፍተሻውን ቀንና ሰዓት ያሳውቀዋል። ፍተሻው ከመውጫው ቀን በፊት ወይም በኋላ ባሉት 5 ቀናት ውስጥ ነው የሚሆነው። "ዲፖዚት ስትከፍዪ በሰጡሽ ወረቀት ላይ አለልሽ፣ አውጪና እዪው" አሉኝ። እውነትም አለ። ምን ምን መጻፍ እንዳለበት በስልክ አንድ በአንድ ነገሩኝ፤ ያውም ገና ሳልቀጥራቸው።

ጽዳቱን እንዴት እንደሠሩት አትጠይቁኝ። የእጣን ጭስ ያጠየመው ጣሪያ ነጣ። ኩሽናው የጠጣው የበርበሬና የቁሌት ሽታ ጠፋ። ምን እንደቀቡት አላውቅም። ሲጨርሱ ክፍል በክፍል ቪዲዮ አስቀረጹኝ። ፍሪጁ ውስጥ፣ ኦቨኑ ውስጥ፣ ቁም ሳጥኑ ጥግ፣ ላቫንዲኖው ሥር ሳይቀር።

የማልረሳው ግን የፍተሻውን ቀን ነው። ባለቤቴ ሥራ ነበር። ያለፈው ሁሉ ትዝ እያለኝ እንቅልፍ አጥቼ ነው ያደርኩት። እሳቸው ሒሳባቸውን ተቀብለዋል፣ ከእኔ ጋር ሥራቸው አልቋል። ግን "ብቻሽንማ አትቆሚም" ብለው መጡ። የማኔጅመንቱ ሰው ሳሎን ካርፔት ላይ የሳሳ ቦታ አይቶ መጻፍ ጀመረ። እሳቸው ረጋ ብለው "ይህ ሰው ሲኖርበት የሚመጣ ማርጀት ነው እንጂ ጉዳት አይደለም። ለመሆኑ መቼ ነው የተቀየረው?" አሉት። ሰውየው ወረቀቱን ገለባበጠ። መልስ የለውም። ከዚያ የጻፈውን ሰረዘው። ድምፃቸውን እንኳ ከፍ አላደረጉም። እኔ እንባዬ መጣ። እናቴ አጠገቤ የቆመች ነው የመሰለኝ። ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ እንዲህ የቆመልኝ ሰው አልነበረም። እግዚአብሔር ዕድሜና ጤና ይስጥልኝ።

እኛ ሰፈር "ዲፖዚት ከሰጠኸው አይመለስም" የሚሉ ብዙ ናቸው። እባካችሁ እንዲህ አትበሉ፣ የላባችሁ ገንዘብ ነው! አከራይ ኪራዩ ካበቃ በኋላ በ45 ቀን ውስጥ ዲፖዚቱን መመለስ አለበት። ከቆረጠም ለምን እንደቆረጠ ዘርዝሮ በጽሑፍ መላክ አለበት። ያለ በቂ ምክንያት ከያዘባችሁ ፍርድ ቤት እስከ 3 እጥፍ ሊያስከፍለው ይችላል። ሞንጎመሪ ካውንቲ የምትኖሩ ደግሞ 311 ደውላችሁ የአከራይና ተከራይ ጉዳይ ቢሮን ጠይቁ፤ ገንዘብ አያስከፍሉም። ይህንንም የነገሩኝ እሳቸው ናቸው።

ስልካቸውን እዚህ አላወጣም፣ እሳቸውም አይፈልጉም። የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ፣ ለሁላችሁም እሰጣለሁ። የወር መጨረሻ ላይ ስለሚያዙ ግን ቀደም ብላችሁ ደውሉ። ደብዳቤውን ደግሞ ከዚያም ቀድማችሁ ላኩት፣ የፖስታ ቤቱን ደረሰኝም አትጣሉ፤ መጀመሪያ የሚጠይቋችሁ እሱን ነው።