የድሮ 28 ሚሊሜትር ለካኖን ካሜራ፦ የካኖኑ ወይስ የኒኮኑ?

«ካኖን ካሜራ አለኝ፤ የድሮ የካኖን ሌንስ በርካሽ አግኝቻለሁ፤ ልግዛው?» የሚለኝ ወዳጅ በዝቷል። ሁሉም በእጅ የሚሽከረከር፣ ብረትነቱ እጅ የሚሞላ፣ ሰፋ አድርጎ የሚያነሳ 28 ሚሊሜትር ፈልገው ዋጋ ሲያስሱ ኤፍዲ የሚባለውን የድሮ የካኖን ሌንስ ከሌላው ረክሶ ያገኙታል። ካሜራችሁ እንደ 5ዲ ወይም 6ዲ ያለ ፉል ፍሬም (ሴንሰሩ የ35 ሚሊሜትር ፊልም ያህል የሆነ) ዲኤስኤልአር፣ ማለትም ውስጡ አንጸባራቂ መስታወት ያለው ከሆነ አትግዙት። የኒኮኑን ግዙ። አዎ፣ ለካኖን ካሜራ የኒኮን ሌንስ።

ምክንያቱ ሁለት ሚሊሜትር ነው። የኤፍዲ ሌንስ የተሠራው ከፊልሙ 42 ሚሊሜትር ርቆ እንዲቀመጥ ነው፤ ካኖን እ.ኤ.አ. በ1987 ያመጣው ኢኦኤስ የሚባለው የካሜራ ዓይነት ግን 44 ይፈልጋል። ስለዚህ ሌንሱ ከሚገባው በላይ ይርቅና ቅርቡን እንጂ ሩቁን አያጠራም። ለማስተካከያ ተብሎ በመሃሉ ተጨማሪ ሌንስ ያለበት አዳፕተር (ማገናኛ ቀለበት) ይሸጣል። እሱ ደግሞ ምስሉን ስለሚያጎላ 28ቱ ብዙውን ጊዜ ወደ 35 ይጠጋል፤ ዳር ዳሩም ይደበዝዛል። ለስፋት ብለው የገዙትን ሌንስ በአዳፕተር ማጥበብ ምን ይባላል? የኒኮን ሌንስ 46.5 ሚሊሜትር ርቀት ስለሚፈልግ የምትቀረውን 2.5 ሚሊሜትር ባዶ የብረት ቀለበት ይሞላታል።

ሰውን የሚያታልለው ዋጋው ነው። ከአሜሪካ በኢንተርኔት ሲገዛ የኤፍዲው 28 ከ40 እስከ 60 ዶላር፣ የኒኮኑ ኤአይ-ኤስ የሚባለው ከ150 እስከ 200 ዶላር አካባቢ ይገኛል። በላዩ ላይ ግን ደምሩበት፦ ሌንስ ያለበት አዳፕተር 30 ወይም 40 ዶላር፣ የኒኮኑ ባዶ ቀለበት ከ10 እስከ 15 ዶላር። መልሶ መሸጡንም አስቡት። ኒኮኑ ቢሰለቻችሁ የኒኮንም የካኖንም ባለቤት ይገዛዋል፤ ኤፍዲውን ከልቡ የሚፈልገው ግን ሚረርለስ (አንጸባራቂ መስታወት ስለሌለው ሌንስ ከሴንሰሩ ቀርቦ የሚቀመጥበት) ካሜራ ያለው ነው።

ሚረርለስ ላይ ኤፍዲው በባዶ ቀለበት በትክክል ስለሚሠራ 100 ዶላር ለማትረፍ የመረጠውን አልነቅፍም። ብቻ ብርሃን የሚቆጣጠሩት ቅጠሎቹ በቀለበቱ ውስጥ ያለች ጥርስ ካልገፋቻቸው አይዘጉም። በርካሽ ቀለበቶች ላይ ይህች ጥርስ ትላወሳለች፤ ባለቤቱ ቀዳዳውን ወደ 8 አጥብቤዋለሁ እያለ ቀኑን ሙሉ እንደተከፈተ በ2.8 ሲያነሳ ይውላል።

ሰፊ ሌንስ ፈልጎ የሶቪየቱን ሚር-1 የሽልማቱ ስም «ግራን ፕሪ ብራስልስ 1958» ስለተቀረጸበት ብቻ የሚገዛም አለ። ጥሩ ሌንስ ነው፤ ግን 37 ሚሊሜትር ስለሆነ ከ28 ይጠባል።

የኒኮኑም ቢሆን ወጥመድ አለው። «ኒኮን 28 ሚሊሜትር 2.8» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ አንድ አይደለም፦ ሲሪስ ኢ የሚባለው በውስጡ 5 መስታወት፣ የቀድሞው ኤአይ 7፣ ኤአይ-ኤሱ ደግሞ 8 አለው። ርካሹን በውዱ ዋጋ የሚለጥፍ ሻጭ ሞልቷል። የማስታወቂያውን ርዕስ ትታችሁ ሌንሱ ላይ የተጻፉትን የርቀት ቁጥሮች ፎቶ ጠይቁ፤ ኤአይ-ኤሱ እስከ 0.2 ሜትር ይወርዳል፣ ሌሎቹ 0.3 ላይ ይቆማሉ።

ቀለበቱ ላይ አትሰስቱ። ከሚገባው በ0.1 ሚሊሜትር ቢወፍር 28ቱ ከ8 ሜትር ገደማ ወዲያ ያለውን በትክክል ፎከስ ማድረግ ያቅተዋል፤ በ50 ሚሊሜትር ሌንስ ግን ይኸው ጉድለት የሚጀምረው 25 ሜትር ላይ ነው። አምራቾች ይህን ስለሚፈሩ ብዙውን ጊዜ ቀጠን አድርገው ይቆርጡታል። በእኔ ቀለበት የእንጦጦ ጋራ ጥርት የሚለው ሌንሱ መጨረሻው ምልክት ላይ ሳይደርስ ነው፤ ስለዚህ በቁጥሮቹ አላምንም፣ በካሜራው ስክሪን 10 እጥፍ አጉልቼ አያለሁ።

ቅባቱ የደረቀ ኤአይ-ኤስ «አስጠግነዋለሁ» ብላችሁ አትግዙ። ቅርብ ሲያነሳ ውስጡ ያሉት መስታወቶች የእርስ በርስ ርቀታቸውን ስለሚቀይሩ ፈትቶ በቦታው መመለስ የሁሉም ጠጋኝ ሥራ አይደለም። አንዱ የእኔን በቀጭን ዘይት አለሰለሰልኝና ቅቤ አስመሰለው፤ ከጥቂት ወራት በኋላ ዘይቱ ወደ ቅጠሎቹ ወርዶ አጣበቃቸው። ሻጋታንም የስልክ መብራት ከኋላ እያበራችሁ ፈልጉ። ቀጫጭን ክር ከታያችሁ በነጻም አትውሰዱ፤ ሻጋታው ቢጠረግ እንኳ የመስታወቱን ሽፋን በልቶ ሊሆን ይችላል።

እንደ 600ዲ ያለ አነስተኛ ሴንሰር ያለው ካሜራ ላላችሁ ግን የትኛውንም አልመክርም። በ1.6 ሲባዛ 28ቱ 45 ሚሊሜትር ያህል ይሆናል፤ ከካሜራው ጋር የመጣው 18-55 ሌንስ 18 ላይ ከዚያ እጅግ ይሰፋል፣ ለዚያውም ፎከሱን ራሱ ያደርጋል።