አንትሮፖሎጂ ወይስ ሶሺዮሎጂ?

ሁለቱም መስኮች ሰውን በማኅበረሰቡ ውስጥ የሚያጠኑ በመሆናቸው፣ ስድስት ኪሎ ገብተው ትምህርት ክፍል የሚመርጡ ብዙ ተማሪዎች ልዩነቱ የስም ብቻ ይመስላቸዋል፤ ዋናው ልዩነት ግን የአጠናን ዘዴያቸው ነው። ሶሺዮሎጂስቱ ኤሚል ዱርካይም እ.ኤ.አ. በ1897 ባሳተመው ጥናት ራስን የማጥፋት አኃዞችን ከአገር አገር ሲያነጻጽር፣ አንትሮፖሎጂስቱ ብሮኒስላቭ ማሊኖቭስኪ ደግሞ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን በትሮብሪያንድ ደሴቶች ከነዋሪዎቹ ጋር ኖሮ ቋንቋቸውን ተምሯል።

በ2016 ዓ.ም. ከፈረሰው የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ የተነሡ ነዋሪዎችን ኑሮ እናጥና ቢባል፣ ሶሺዮሎጂስቱ በናሙና የተመረጡ ቤተሰቦችን ስለ ገቢያቸው፣ ስለ ልጆቻቸው ትምህርትና ስለ ትራንስፖርት ወጪያቸው በመጠይቅ ይጠይቃል። አንትሮፖሎጂስቱ ግን አንድ ዕድር ይዞ፣ ድንኳኑና ወንበሩ ማን ቤት እንደተቀመጠ፣ የተበታተኑት አባላት ለቀብር እንዴት እንደሚጠራሩ፣ ለቅሶ ደራሹም ከየት ተሳፍሮ እንደሚመጣ ለወራት ይከታተላል። እንዲህ ያለው ዕውቀት በመጠይቅ ብቻ ስለማይገኝ፣ ለዚህ ድካም ያለኝ አክብሮት ከፍ ያለ ነው።

በሥራ ገበያው በኩል ሶሺዮሎጂ ሰፋ ያለ በር ይከፍታል፤ የማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮዎች፣ የዳሰሳ ጥናት ድርጅቶችና የእርዳታ ድርጅቶች የክትትልና ግምገማ ክፍሎች መረጃ መተንተን የሚችል ሰው ይፈልጋሉ። አንትሮፖሎጂ ለሙዚየም፣ ለቅርስ ጥበቃና ለምርምር ይቀርባል፤ በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ያለው የኢትዮጵያ ጥናት ተቋም ሙዚየም ለዚህ ሙያ ቅርብ ማሳያ ነው። ስለዚህ አንትሮፖሎጂን የመረጠ ተማሪ ስታትስቲክስንም አጥብቆ ቢማር፣ በሁለቱም በኩል ለመወዳደር ይችላል።