ለሊኒየር አምፕሊፋየር የትኛው ቫልቭ ይሻላል? 811ኤ፣ 572ቢ፣ 3-500ዜድ ወይስ 3ሲኤክስ800ኤ7

የአማተር ሬዲዮ ሊኒየር (የሬዲዮውን የማሰራጫ ኃይል የሚያጎላ መሣሪያ) ለመግዛት የሚያስብ ሰው አብዛኛውን ጊዜ አስቀድሞ የሚጠይቀው ስንት ዋት እንደሚያወጣ ነው። በእኔ እምነት ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ ቫልቩ (ኃይሉን የሚያጎላው የቫኪዩም ቱቦ) የተጠቃሚውን ስህተት ምን ያህል ይችላል የሚለው ነው፤ ምክንያቱም ማስተካከያውን ከቦታው ውጪ ትቶ ማይክሮፎኑን ተጭኖ የማያውቅ ኦፕሬተር ማግኘት ያስቸግራል።

በዋጋ ዝቅተኛው 811ኤ ነው። የአንዱ አኖድ (ኤሌክትሮኖችን ተቀብሎ የሚግለው የቫልቩ ክፍል) የሚችለው ሙቀት 65 ዋት ብቻ በመሆኑ አምራቾች ጎን ለጎን ያሰልፉታል፤ የአሜሪትሮን ኤኤል-811 ሦስት፣ ኤኤል-811ኤች ደግሞ አራት ይዟል። አራቱ ተደምረው እንኳ 260 ዋት ስለሚሆኑ፣ ለንግግር የሚበቃው መሣሪያ እንደ ኤፍቲ8 (በኮምፒውተር የሚላክ ዲጂታል የመልእክት ዘዴ) ያለ ፋታ የማይሰጥ ስርጭት በሙሉ ኃይል ሲጫንበት አኖዶቹ ግለው ይቀላሉ። በዚያው ሶኬት የሚገባውና ፊላመንቱ (የማሞቂያ ሽቦው) በተመሳሳይ 6.3 ቮልትና 4 አምፔር የሚሠራው 572ቢ 160 ዋት ይችላል። ትራንስፎርመሩ ያው የቀድሞው ስለሆነ ግን ከቅያሬው የሚገኘው ጽናት እንጂ ተጨማሪ ኃይል አይደለም።

3-500ዜድ ብቻውን 500 ዋት ስለሚችል የአራቱን 811ኤ እጥፍ ሊደርስ ምንም አይቀረውም። የሂዝኪት ኤስቢ-220 እና የኬንዉድ ቲኤል-922 ሁለት ሁለት ይይዛሉ። ለጀማሪ የምመርጠው ይህንኑ ነው፤ በጥቂት ሰከንድ ለሥራ ዝግጁ ከመሆኑም በላይ አኖዱ በመስታወቱ ውስጥ ስለሚታይ ስህተት ሲፈጠር መቅላቱ በዓይን ያስጠነቅቃል። እንዲያውም በአኖዱ ላይ የተቀባው ዚርኮኒየም የተረፈ ጋዝ የሚመጠው ሲግል ስለሆነ መጠነኛ ቅላት የጤና ምልክት ነው። ድክመቱ ከግርጌው ነው፤ ፊላመንቱ በ5 ቮልት 14.5 አምፔር ስለሚወስድ፣ አየር ካነሰው በእግሮቹ ውስጥ ያለው ብየዳ ይቀልጣል። (የማራገቢያው ጩኸት ካስቸገረዎ የጆሮ ማዳመጫ ይግዙ እንጂ ፍጥነቱን አይቀንሱ።)

ከሴራሚክና ከብረት የተሠራው 3ሲኤክስ800ኤ7 በትንሽ አካሉ 800 ዋት ይችላል፤ ዋጋውም የዚያኑ ያህል ይንራል። ከማስተላለፍ በፊት 3 ደቂቃ መሞቅ አለበት። የሚያሳስበኝ ግሪዱ (የኤሌክትሮኖቹን ፍሰት የሚቆጣጠረው መረብ) ነው፤ የ3-500ዜድ ግሪድ 20 ዋት ሲችል የዚህኛው ግን 4 ዋት ብቻ ነው፣ አኖዱም ስለማይታይ አደጋው አስቀድሞ አይታወቅም። ስለዚህ የግሪድ ከረንት ሲበዛ ራሱን የሚያጠፋ መከላከያ በሌለው መሣሪያ ላይ አይግዙት። ገንዘብ ለማይገደው 8877 የተባለ ቫልቭ አለ፤ አኖዱ 1500 ዋት፣ ግሪዱ 25 ዋት ይችላል።

ያገለገለ 3-500ዜድ ሲገዙ በግሪዱና በፊላመንቱ መካከል በኦም ሜትር ይለኩ፤ ንክኪ ካሳየ ይመልሱት። ለዓመታት መጋዘን የቆየ የሴራሚክ ቫልቭ ከሆነ ደግሞ ከፍተኛውን ቮልቴጅ ከመልቀቅዎ በፊት ማሞቂያውን ብቻ አብርተው አንድ ቀን ያቆዩት።