የካንሰር ቀዶ ሐኪሞች የቪዲዮ ምክክር፦ የአንድ አገልግሎት ግምገማ

አክስቴ የአንጀታቸው የመጨረሻ ክፍል ላይ ካንሰር እንዳለ ሲታወቅ፣ በአቅራቢያቸው ያለው ሆስፒታል ጠቅላላ ቀዶ ሐኪም የነገሯቸው ምርጫ አንድ ብቻ ነበር፦ ፊንጢጣን ጨምሮ ማውጣትና ዕድሜ ልክ በሆድ ላይ በሚከፈት ቀዳዳ መጸዳዳት። ሆስፒታሉን ከአንድ ትልቅ የካንሰር ማዕከል ጋር የሚያገናኘው የቪዲዮ ምክክር ግን ውሳኔውን ለወጠው። የአንጀት ካንሰር ቀዶ ሐኪም፣ የጨረርና የኬሞቴራፒ ባለሙያዎች፣ የራዲዮሎጂ (የምርመራ ምስል የሚያነቡ) እና የፓቶሎጂ (የዕጢ ናሙና የሚመረምሩ) ሐኪሞች የኤምአርአይ ምስሉን አብረው ካዩ በኋላ፣ በቅድሚያ ጨረርና ኬሞቴራፒ ተሰጥቶ ዕጢው ከቀነሰ ፊንጢጣውን ማትረፍ እንደሚቻል ተስማሙ፤ እንደዚያም ሆነ።

ከትልቅ ማዕከል መራቅ ሕክምናን ከማዘግየት አልፎ የሕክምናውን ዓይነት ራሱን ይቀይራል። በ1982 ይፋ የሆነው፣ የአንጀቱን የመጨረሻ ክፍል የከበበውን ስብ ከነሽፋኑ ሳይቀዱ የማውጣት ዘዴ፣ ካንሰሩ እዚያው ቦታ የመመለስ ዕድሉን በእጅጉ ቢቀንስም፣ ውጤቱ በቀዶ ሐኪሙ ልምድ ላይ የተንጠለጠለ ነው። በ2002 የታተመ የአሜሪካ ጥናት እንዳሳየው፣ በዕድሜ ከገፉ ታካሚዎች መካከል ከቆሽት ቀዶ ሕክምና ጋር የተያያዘው ሞት፣ ሥራውን እምብዛም በማይሠሩ ሆስፒታሎች 16.3 በመቶ፣ አዘውትረው በሚሠሩት ደግሞ 3.8 በመቶ ነበር። የጡት ካንሰርም እንዲሁ ነው፦ ዕጢውን ብቻ አውጥቶ ጨረር መስጠት ለብዙዎች ጡትን ሙሉ በሙሉ ከማስወገድ ጋር እኩል ዕድሜ ቢሰጥም፣ ለሳምንታት ወደ ጨረር ማዕከል መመላለስ የማይችሉ ሴቶች ጡታቸውን ለማጣት ይገደዳሉ፤ ይህ እጅግ ያሳዝነኛል።

የአገልግሎቱ ትልቁ ጥንካሬ የአካባቢውን ሐኪም አለማግለሉ ነው፤ ሐኪሙ በምክክሩ ተሳትፈዋል፣ ከቀዶ ሕክምናው በኋላ ያለውንም ክትትል እርሳቸው ይዘውታል። ደካማው ጎኑ ከውሳኔው በኋላ ያለው ጊዜ ነው። የሪፈር ወረቀቱ ተጽፎ ሲያበቃ የቀጠሮውን ቀን፣ ማረፊያውንና መጓጓዣውን የሚያስተባብር ሰው አልተመደበም፤ የውሳኔውም ቅጂ ለታካሚዋ የተሰጠው ደጋግመን ከጠየቅን በኋላ ነው። ስክሪን ምክር ያደርሳል እንጂ ቀዶ ሐኪሙን አያመጣም፤ ስለዚህ ማዕከሉ ቃል የገባውን ቀዶ ሕክምና በጊዜው ማድረሱ እንደ ምክክሩ ጥራት ሊመዘን ይገባል።

የአንጀት መጨረሻ፣ የቆሽት ወይም የጉሮሮ ቧንቧ ካንሰር ላለበትና ሕመሙ ጊዜ ለሚሰጠው ሰው፣ ቢላዋ ከመነሣቱ በፊት ይህን ምክክር መጠየቅን አጥብቄ እመክራለሁ። ዕጢው አንጀትን ዘግቶ ድንገተኛ ሁኔታ ከተፈጠረ ግን ምክክሩ ሳይጠበቅ ሕይወት የሚያድነው ቀዶ ሕክምና በቅርብ ባለው ሆስፒታል መሠራት አለበት።